የተዳፈነ እሳት ለኳሽ አይፈልግም

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። የቸኮላችሁ ደግሞ ቢያንስ ስለ ልጁ የጻፍኩትን ሳታዩ አትለፉ።

ትናንት ማታ አንድ ፖስት አየሁ። ከተራራው ጭስ ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ ከላዩ «ጠፍቶ የነበረውን እሳት ዳግም ለኮሱት» ይላል። ማን እንደለኮሰው አይናገርም። ኮሜንቶቹ ውስጥ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ለኳሹ ተገኝቷል! አንዱ እረኞቹ ናቸው ይላል። አንዱ ከሰል አክሳዮቹ ናቸው ይላል። አንዱ የማዶ ቀበሌ ሰዎች ናቸው ይላል። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይጨነቅ የሰው ስም ጠርቶ አስቀምጧል።

ከኮሜንት ሰጪዎቹ መካከል እኔ ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማርኳቸውን ስድስት ልጆች ቆጠርኩ። አልተቆጣሁም። አፈርኩ እንጂ። ያፈርኩትም በእነሱ አይደለም፣ በራሴ ነው። እሳት ምን እንደሆነ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያስተማርኳቸውም ግማሹን ነው።

ታስታውሱ እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ማዕዘን እስል ነበር። አንዱ ጎን ሙቀት፣ አንዱ ጎን አየር፣ አንዱ ጎን የሚነድ ነገር። «ከሦስቱ አንዱን ካነሳችሁ እሳቱ ይጠፋል» እላለሁ። የሚነድ ነገር ምሳሌ ስጡ ስላችሁ እንጨት፣ ሳር፣ ወረቀት፣ ጋዝ ትላላችሁ፤ እኔም ጎበዝ እላለሁ። አፈር ያለ ተማሪ አልነበረም። ቢኖርም ኖሮ ክፍሉ በሙሉ ይስቅበት ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ጭራሽ «እሳትን አፈር በማልበስ ማጥፋት ይቻላል፤ እውነት ወይስ ሐሰት» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቻለሁ። መልሱ «እውነት» ነበር። ሐሰት ብሎ አንድ ማርክ ያጣ ተማሪ ይህን ካነበበ፣ ማርኩን መልሼልሃለሁ፤ ይቅርታም ጨምሬ።

እስቲ ዛሬ ግማሹን ትምህርት እንጨርሰው።

እናቶቻችን ይህን ትምህርት ያለ ሰሌዳ ያውቁታል። ክብሪት ውድ በነበረበት ጊዜ፣ አሁንም በየገጠሩ፣ ማታ ምግብ ከተበላ በኋላ እሳት አይጠፋም። ይዳፈናል። ፍሙ ተሰብስቦ አመድ ይለብሳል። ነበልባል የለም፣ ጭስ የለም፣ ብርሃን የለም። ያላወቀ ሰው ምድጃውን አይቶ «ጠፍቷል» ይላል። ጠዋት እናት አመዱን ገለጥ፣ ጭራሮ ጣል፣ እፍ ታደርጋለች። ቦግ! ማን ለኮሰው? ማንም። እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነበር።

ከሰል አክሳዩም ያውቀዋል። እንጨቱን ይከምራል፣ ሳር ያለብሳል፣ ከላዩ አፈር ይመልሳል፣ ከዚያ ይለኩሳል። አፈሩ እሳቱን ለማጥፋት አይደለም የተጫነው። እሳቱ አየር በልክ እያገኘ ለቀናት ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነው። ይህን በዓይናችን እያየን ያደግን ሰዎች ነን እንግዲህ፣ ተራራ ላይ ስንወጣ ግን «አፈር አለበስነው፣ ጠፋ» ብለን የምንወርደው።

ሌላም ልጨምር። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች ሣር የበዛበትን አፈር ገልብጠው አድርቀው ይከምሩና በውስጡ ኩበት ለኩሰው ያቃጥሉት ነበር። መሬቱ ላይ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ያለው አፈር ለቀናት ሲጤስ ይከርማል። «አፈር አይነድም» የሚል ሰው እነዚያን ገበሬዎች ይጠይቅ።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ።

የእኛ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። የለበሰው አስታ ነው፤ አንዳንዱ ውጨና ይለዋል። ከአስታው በላይ ጓሳ፣ ከዚያ ጅብራ። ብርድ ነው። ብርድ ባለበት ቦታ ቅጠል ረግፎ ቶሎ አይበሰብስም። ቆላ ላይ በአንድ ክረምት አፈር የሚሆነው ቅጠል እዚያ ላይ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የዚህ ዓመት ቅጠል በአምናው ላይ፣ የአምናው በካቻምናው ላይ እየተነጠፈ፣ ከሽበቱና ከሥሩ ጋር እየተጠላለፈ እንደ ፍራሽ ይሆናል። እርግጥ ስትራመድበት ይሰምጣል፣ ይመቻል። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ የሚይዘው፣ እኛ ከተማ ድረስ የሚወርደውን ምንጭ በበጋ የሚያጠጣው ይኸው ፍራሽ ነው። በመጋቢት ግን ይደርቃል። የደረቀ ፍራሽ ደግሞ ማገዶ ነው።

አየር የማይገባው ጭንጫና ቀይ አፈር አይነድም፤ አለት የተፈጨ ነው። ጥቁሩ፣ ቀላሉ፣ በእጅህ ስትጨብጠው ቅጠልና የሥር ጸጉር የሚወጣው ግን ይነዳል። ነበልባል አያወጣም። ውስጥ ለውስጥ ይብላላል። ነበልባል ያለው እሳት ብዙ አየር ይፈልጋል፤ ይህኛው ግን በትንሽ አየር ይኖራል። የሚሄደውም በሰዓት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀንድ አውጣ ይቀድመዋል። ሙቀቱ ግን ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ከእግርህ ሥር 500 ዲግሪ እየሄደ አንተ ከላይ ቆመህ ፎቶ ትነሳለህ! ሥር ካገኘ ሥሩን እንደ ክር ይዞ ይሄዳል። ሥሩ ወደ ጉቶ ይወስደዋል፣ ጉቶው ወደ ሌላ ሥር። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ሳምንት፣ ከዚያም በላይ። አንድ ከሰዓት ነፋስ ይመጣል፤ ፍሙ የተጋለጠበት ቦታ ላይ ደረቅ ሳር ያገኛል። ልክ እንደ ጠዋቷ እናት፣ ነፋሱ እፍ ይላል።

ውሃ ብናፈስበትስ? ይህ ሌላ ጉድ ነው። በጣም የደረቀ እንዲህ ያለ አፈር ውሃ አይቀበልም። አቧራ ላይ ያረፈ ጠብታ ሳይሰርግ ሲንከባለል አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። አንድ ጄሪካን ብታፈስ ውሃው ላይ ላዩን ወይም በስንጥቁ በኩል ይሄዳል። ላዩ ይረጥባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጭሱ ይጠፋል። አንተም ጨረስኩ ብለህ ትወርዳለህ። ከአንድ ስንዝር በታች ያለው ፍም ምንም አልሰማም። ውሃው የሚሠራው ዶማ ሲቀድመው ነው። ተቆፍሮ፣ ተገላብጦ፣ ከውሃው ጋር እንደ ጭቃ ሲቦካ።

ይህንን እኔ ከመጽሐፍ አይደለም መጀመሪያ የሰማሁት። አንድ አዛውንት ነግረውኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም።

መጋቢት 2014 ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተራራው ተያያዘ። ከትምህርት ቤታችን ወደ ሰማንያ ተማሪ ይዘን ወጣን፤ ገበሬውም በየአቅጣጫው ወጣ። መሣሪያችን ቅጠል ነበር። የአስታ ቅርንጫፍ ቆርጦ ነበልባሉን መምታት። እውነቱን ለመናገር ጀግንነት ነበር። ሴት ተማሪዎች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው እስከ ምሽት ድረስ ሲመቱ ዋሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነበልባል የሚባል አልቀረም። የቀረውን ፍም በአካፋ አፈር እየመለስን ደፈንነው። አዎ፣ ደፈንነው። ቃሉን ልብ በሉልኝ። ከዚያ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ ፎቶ። ማታ ኃላፊዎቹ «እሳቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል» ብለው ለጠፉ። እኔም ሼር አደረግሁ።

ልንወርድ ስንል አንድ የሰባ ዓመት ገደማ አባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ።

«አባቴ፣ እንውረድ እንጂ፣ መሸ እኮ» አልኳቸው።

«መምህር፣ አልጠፋም እኮ» አሉኝ። «ተዳፈነ እንጂ አልጠፋም። መሬቱ ይሸተኛል። ዶማ ያላቸው አሥር ልጆች ተዉልኝ።»

እኔ ምን ብዬ መለስኩ? «አባቴ፣ አየር ካላገኘ አይነድም፤ አይስጉ።» ሦስት ማዕዘኔን ይዤ መለስኩላቸው። የሚያፍሩ ሰው ስለነበሩ አልተከራከሩኝም። ራሳቸውን ነቅንቀው ከእኛ ጋር ወረዱ።

ሐሙስ ከሰዓት ነፋስ ነፈሰ። እሳቱ ቅዳሜ ከቆመበት መስመር፣ እኛ አፈር ካለበስንበት ቦታ፣ ተነሳ። ቅዳሜ ካቃጠለው በላይ አቃጠለ።

ማንም «ቅዳሜ በደንብ አላጠፋነውም ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም። እንዴት ይጠይቅ? ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ተብሎ ተለጥፏል እኮ። ሙሉ በሙሉ የጠፋ እሳት ከተነሳ ደግሞ የግድ ሰው ለኩሶታል። ሎጂኩ ይህ ነው። የመጀመሪያዋ ውሸት ሁለተኛዋን ወለደች።

ሰውም ተገኘ። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ የወጣ፣ እኔው ያስተማርኩት ልጅ ነው። ተራራው ጫፍ ላይ ቀፎ ነበረው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ቀፎዎቹ ሲወጣ ታይቷል። ማር ሲቆረጥ ጭስ ያስፈልጋል፤ ጭስ ደግሞ ከእሳት ነው፤ በቃ፣ ተፈረደ። ማስረጃ የጠየቀ የለም። እሳቱ የተነሳው ከቀፎዎቹ በታች እንጂ ከቀፎዎቹ እንዳልሆነ፣ ማርም የሚቆረጥበት ወር እንዳልነበረ ያሰበ የለም። አሥራ አንድ ሌሊት ታስሮ ምንም ስላልተገኘበት ተለቀቀ። ቀፎዎቹ ተቃጥለው ጠበቁት። የራሱን ቀፎ የሚያቃጥል ሰው አለ ወይ?

የተለቀቀው ከእስር ነው፤ ከስሙ አልተለቀቀም። ገበያ ሲወጣ «እሳቱ መጣ» ይሉታል። እናቱን ውሃ ስትቀዳ ይሰድቧት ነበር። በሰኔ ከተማውን ለቆ ሄደ። እናቱ እስከ ዛሬ «መምህር፣ አንተ እንኳን ታውቀው አልነበር?» ትለኛለች። አውቀው ነበር። ግን ያን ሳምንት ዝም አልኩ። ሁሉም ሲጮህ ዝም ማለት ብልህነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ለዚያ ነው። ትናንት ኮሜንት ላይ ስም ስትጠሩ ያቺን እናት ነው ያየሁት።

አንዳንዶቻችሁ «ይህ የአንተ ሰፈር ታሪክ ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ሰፋ እናድርገው።

ሰሜን ተራሮችን አስታውሱ። መጋቢት 2011 ፓርኩ ተቃጠለ። የዋልያ አገር፣ የጭላዳ አገር፣ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቦታ ነው። እሳቱ ጠፋ ተባለ። ሚያዝያ ላይ እንደገና ተነሳ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ሕዝቡ ገደል ለገደል ሲታገል ሰነበተ። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነበር። በነበርኩበት በኩል ቅጠል የያዘ ሰው እልፍ ነው፤ ዶማ የያዘ ግን አላየሁም። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ወሬው ሁሉ «ማን ለኮሰው» ነበር። እያንዳንዱ የሚጠላውን ሰው ስም በእሳቱ ላይ ጻፈ። «የት ላይ ቀርቶ ነበር?» የሚል አንድ ሰው ሳጣ፣ እኔም ያኔ አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን ተባለ። ችግኝ መትከልን የሚጠላ ሰው አይደለሁም፤ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር እተክላለሁ። ግን አስቡት፦ የምንተክለውን በሚሊዮን የምንቆጥር ሕዝብ፣ የበቀለውን ለማዳን አንድ ሌሊት ዶማ ይዞ የሚያድር አሥር ሰው አንመድብም። ችግኝ ሲተከል ካሜራ አለ። ፍም ሲቆፈር ካሜራ የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ አሜሪካ እንሂድ፤ «እኛ ድሆች ስለሆንን ነው» እንዳትሉኝ። ሎስ አንጀለስ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ የ2017 የገና ዕለት እንኳን አደረሰህ ብዬ ስደውልለት «ቲቸር፣ ከተማው እየነደደ ነው» አለኝ። በስድስተኛው ቀን ቀደም ብሎ፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሌሊት፣ ኮረብታው ላይ ትንሽ እሳት ተነስቶ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በመኪና፣ በሄሊኮፕተር፣ በቧንቧ ተረባርበው አጠፉት። ጠፋ ብለው ሄዱ። የገና ዕለት ከባድ ነፋስ መጣና ፓሊሴድስ የሚባለው ሰፈር ወደመ። 12 ሰው ሞተ፤ ከ6800 በላይ ቤትና ሕንፃ ወደመ። የፌዴራል መርማሪዎች ከወራት በኋላ ያሉትን ስሙ፦ ያ ትንሹ እሳት አልጠፋም ነበር፤ ከመሬት በታች ሥር ውስጥ ሲብላላ ቆይቶ ነው የወጣው። አዎ፣ የመጀመሪያውን እሳት ለኩሷል ተብሎ የተከሰሰ ሰው አለ። ሁለተኛውን ግን ማንም መጥቶ አልለኮሰም። አፈሩ ነው ያቆየው።

የአንድ ጊዜ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኦክላንድ፣ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር አንድ ትንሽ የሳር እሳት ጠፋ ተባለ። በማግስቱ ነፋስ መጣ፤ 25 ሰው ሞተ፤ ወደ 3000 ቤት ተቃጠለ። ሀዋይ፣ ላሃይና፣ ነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ.፦ ጠዋት የተነሳው እሳት ጠፍቷል ተብሎ ከተተወ በኋላ ከሰዓት ተቀሰቀሰ። 102 ሰው ሞተ። አላስካና ሰሜን ካናዳ ውስጥ ደግሞ በበጋ የነደደ እሳት የበረዶውን ወራት በሙሉ ከበረዶ ሥር አፈር ውስጥ አሳልፎ በሚቀጥለው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ከበረዶ ሥር! እኛ አንድ ጄሪካን ውሃ አፍስሰን ነው የምንመካው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. የነደደው በዋናነት ረግረግ የነበረ፣ ተቦርቡሮ የደረቀ አፈር ነው። ተመራማሪዎች ከዚያ አፈር የወጣውን ካርቦን ሲገምቱ፣ ዓለም በሙሉ በዓመት ነዳጅና ድንጋይ ከሰል አቃጥላ ከምታወጣው ከ13 እስከ 40 በመቶ የሚሆን ነው አሉ። አፈር ነው እንግዲህ፤ ያ «የማይነደው»።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ኮሜንት ላይ እንደምትጽፏቸው ስለማውቅ።

«ታዲያ እሳት የሚለኩስ ሰው የለም እያልክ ነው?» አላልኩም። አለ። በአብዛኛው የአገራችን የደን እሳት ከሰው እጅ ነው የሚነሳው፦ ግጦሽ ለማደስ፣ ማር ለመቁረጥ፣ ከሰል ለማክሰል፣ ማሳ ለመመንጠር፣ አልፎ አልፎም በክፋት። የመጀመሪያው እሳት ለኳሽ ካለው ይጠየቅ። እኔ የምለው ሁለተኛው እሳት ሁለተኛ ለኳሽ አያስፈልገውም ነው። አንድ ሰው ከመወንጀሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይመለስ፦ ሁለተኛው እሳት የተነሳው ከመጀመሪያው ጠርዝ ላይ ነው ወይስ ከሩቅ፣ አዲስ ቦታ? ከጠርዙ ከሆነ መጀመሪያ ዶማ ይቅደም፣ ካቴና ይከተል።

ግጦሽ ለማደስ ስለሚያቃጥሉት አንድ ነገር ልበል፣ ብትቆጡም። ባሌ ላይ አስታውን ያጠኑ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በቅርብ ዓመታት የተቃጠለና እንደገና ያቆጠቆጠ አስታ በቀላሉ አይያያዝም። ከብት አርቢዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ እዚህ ትንሽ፣ እዚያ ትንሽ እያሉ ያቃጥሉ ነበር፤ ወጣቱ አስታ ለእሳቱ አጥር ይሆናል። ማንም ምንም እንዳይነካ ሲከለከልና በምትኩ ምንም ሥራ ሳይሠራ ሲቀር፣ አስታው ያረጃል፣ ከሥሩ ያለው የረገፈ ቅጠል ይወፍራል። አንድ ቀን ሲነሳ ማንም አያቆመውም። በ1992 ባሌና ቦረና ሲነድ ከውጭ አገር ሁሉ ባለሙያ እስኪመጣ የደረስነው እኮ በአንድ ሌሊት አይደለም። አቃጥሉ እያልኩ አይደለም። እነዚያን ሰዎች ከሳሽና ተከሳሽ ሆነን ከምናገኛቸው ቁጭ ብለን እናማክራቸው ነው የምለው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «መሬቱ ይሸተኛል» ያሉኝ አባት እረኛ ሆነው ነው ያረጁት።

«ሄሊኮፕተር ቢኖረን ኖሮ።» ቢኖረን ጥሩ ነበር። ሄሊኮፕተር ነበልባል ያስታግሳል። ሄሊኮፕተር ግን አይቆፍርም። ሎስ አንጀለስ ስንት ሄሊኮፕተር አላት? ለመቆፈር እጅ ነው የሚያስፈልገው፤ እጅ ደግሞ የሞላን ነን።

«ተራራው ላይ ውሃ የለም።» ልክ ነው። ውሃ ከሌለ ፍሙን አውጥቶ መበተን፣ ከሥር ካለው ቀዝቃዛ ቀይ አፈር ጋር ደጋግሞ ማገላበጥ ይሠራል። ልዩነቱን ያዙልኝ፦ ማገላበጥ ያቀዘቅዛል፤ ማልበስ ይዳፍናል። አፈር ጠላታችን አይደለም፤ አጠቃቀሙን ነው የሳትነው።

«አንተ በዲፕሎማህ ስለ ደን ምን አገባህ?» ይህን የጻፈልኝ ሰው አለ፣ አምና። ልክ ነው፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ማስተርስ ያላቸው ሰዎች ይምጡና ያርሙኝ፣ በደስታ እማራለሁ። ግን ለማረም ከመምጣታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ የተቃጠለ ቦታ ሂዱና እጃችሁን መሬት ላይ አድርጉ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው የምለው።

አንደኛ፣ ቋንቋችንን እናርም። ነበልባል ሲቀር «ነበልባሉ ጠፍቷል» እንበል። «እሳቱ ጠፍቷል» የሚለው ቃል የሚነገረው ጠርዙ በሙሉ በእጅ ተዳብሶ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው። በሌላ አገር ያሉ እሳት አጥፊዎችም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፦ የእጃቸውን ጀርባ መጀመሪያ ወደ አመዱ አስጠግተው፣ ካላቃጠለ ነክተው፣ ከዚያ ቆፍረው ይዳብሳሉ። መሣሪያው በነጻ ሁላችንም ጋ አለ።

ሁለተኛ፣ ወደ እሳት ስንወጣ ከሦስት ሰው አንዱ ዶማ ይያዝ። ቅጠል የያዘው ነበልባሉን ይምታ፤ ዶማ የያዘው ከኋላ እየተከተለ ጉቶና ሥር ይቆፍር። እሳት ማገጃ መስመር ስናወጣም ሳሩን አጭዶ መሄድ አይበቃም። ጥቁሩ ተገፎ ቀዩ ወይም ጭንጫው እስኪታይ ድረስ ነው። አለበለዚያ እሳቱ ከሥር ተሻግሮ ከወዲያ ማዶ ይጠብቀናል።

ሦስተኛ፣ ዘብ ይደር። ቢያንስ ሳምንት፤ ነፋስ ካለ ከዚያም በላይ። ጎህ ሲቀድ ብርዱ ላይ የምትታይ ቀጭን ጭስ ከሁሉ በላይ ትናገራለች፤ እኩለ ቀን ላይ አትታይም። ዘብ የሚያድረው ሰው ስንቅ ይሰጠው። ለምረቃ በሬ የምንጥል ሰዎች ለአሥር ዘብ እንጀራ አናጣም።

አራተኛ፣ ካልተቆፈረ በስተቀር ስም አይጠራ። ፖስት አይለጠፍ። ሼር አይደረግ።

አምስተኛ ለእኛ ለመምህራን ነው። ሦስት ማዕዘኑን ስናስተምር ተማሪ ይዘን እንውጣ። የከሰል ጉድ እናሳይ፣ የእናትን ምድጃ እናሳይ። ልጆቹ መልሱን ከቤታቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ እኛ ነን አስረስተን የምንልካቸው።

የሚጠፋው ዛፍ ብቻ አይደለም፣ ይህን ሳልል አልጨርስም። አስታ ላዩ ቢቃጠል ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አፈሩ ሲቃጠል ግን ጉቶውም ሥሩም አፈሩ ውስጥ የተኛው ዘርም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል። የሚይዘው ሥር የሌለው አመድና አፈር ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። በ2014 ክረምት ወንዛችን ለምን ጥቁር ሆኖ እንደወረደ ታስታውሳላችሁ? ያ ውሃ የጠቆረው በተራራው ፍራሽ ነው። አሁን በጥር የሚደርቀውን ምንጭ «ዘመኑ ከፋ» እያልን እናልፈዋለን። ዘመኑ ብቻ አይደለም። እኛም አንድ ቅዳሜ ማታ ቸኩለን ወርደናል።

ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሁለት ባልደረቦቼና ከሰባት ተማሪዎች ጋር ትናንት ፎቶው የተነሳበት ቦታ ወጥተን ነበር። ዶማ ይዘን። ባለፈው እሁድ «ከጠፋው» እሳት ጠርዝ ላይ አራት ቦታ ቀጭን ጭስ አየን። ቆፈርን። አራቱም ጋ፣ ከጉቶ ሥር፣ ፍም። አንዱ ጋ የእጄን ጀርባ አቀረብኩና ሳልነካው መለስኩ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ታዲያ ማን ለኮሰው?» አለችኝ። ዶማዬን አቀበልኳት።

ሦስቱን ጨርሰናል። አራተኛው ትልቅ ግንድ ሥር ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመለሳለን። ዶማና ጄሪካን ያለው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀን። ትናንት ኮሜንት የሰጣችሁ ስድስታችሁን በተለይ እጠብቃለሁ። አልቆጣም። ስትመጡ ግን ስም የጠራችሁበትን ኮሜንት አጥፍታችሁ ኑ።

አንተ ደግሞ፣ የት እንዳለህ ባላውቅም፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ፦ ያን ሳምንት ዝም ያልኩት ስለማላውቅህ አልነበረም። ይቅርታ አድርግልኝ። እናትህ ደህና ናት። የተቃጠሉት ቀፎዎች በነበሩበት ቦታ አስታው ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ ዛሬ ጠዋት አይቼዋለሁ።